ሁለት ጣት ወደ ኋላ

በኡም አል ኩዌይን፣ ባሕሩ ክንዱን አጥፎ በሚተኛበት፣
ውሃው እንደ ተወለወለ ቆርቆሮ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣
አዲሱን ሰሌዳ ከካርቶን አወጣን፤
እኔ ጭራውን ይዤ፣ ሮዴል አፍንጫውን።

ቀይ ነው። ይሸታል፣ ገና ያልበረደ ቀለም፤
የስድስት ወር ሕፃን ያህላል፣ ከዚያ አይበልጥም።
ስንት እንደገዛው ሱሄል አልነገረኝም፤ የደረሰኙን ጫፍ ግን አየሁ፤
ቁጥሩን ለደሞዜ አካፈልኩ፤ አምስተኛው ወር ላይ ስደርስ ተውኩ።

የኔ ሥራ መለካት ነው፤
ከብርቱካናማው ቡይ እስከ ቢጫው፣ አምስት መቶ ሜትር፣
ካንገቴ ሰዓት፣ ከጉልበቴ ደብተር፤
እርሳስ ነው የምይዘው፤ እስክሪብቶ ጨው ከጠጣ አይጽፍም።
ፋብሪካው የላከው ቅጽ ሰባት ሣጥን አለው፤
ፍጥነት፣ ሚዛን፣ አነሣስ፣ አዟዟር... ከአንድ እስከ አሥር ስጡ ይላል፤
ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሣጥን ግን የለው።

ሮዴል አሥር ሰዓት ሆነ ይላል፤ እኔ፣ አራት፤
ሸማል ሁለታችንንም ሳይሰማ ደረሰ፣ በአሸዋ ታጅቦ፣ በድንገት።
ሱሄል ሸራውን ሳበ፤ ሰሌዳው ተነሣ፤
ውሃ መንካት የተጸየፈ መሰለ፣ የነካውንም ረሳ።
"ሠላሳ አንድ ኖት!" ሮዴል ከጀልባው ጮኸ።
ጻፍኩ። ፍጥነት፣ ዘጠኝ።
እጄ ግን ሁለተኛው ሣጥን ላይ ዘገየ፤

ምክንያቱም አየሁ። ቡዩ ጋ ደርሶ ሊዞር ሲል፣
አፍንጫው ውሃ ውስጥ ዘለቀ፤
ሱሄልም በሸራው አናት በላይ፣ እንደ ጨርቅ ሲጣል።
አንዴ።
ደግሞ።
ሦስተኛውን አልቆጠርኩም።
ጨው እየተፋ ወጣና "ሰሌዳውስ ምንም አልሆነም፤
ማዕበሉ ነው" አለ። እንዲህ ነው፤
ዋጋ የከፈለ ዓይን እንከን አይታየው።
ሮዴል፣ ክንፉ አጥሯል አለ። ሱሄል፣ ንፋሱ ተዛብቷል አለ።
እኔን የጠየቀኝ የለም፤
የመዝጋቢ አፍ ደግሞ ካልጠየቁት አይከፈትም።

ዝዋይ ነው ያደግኩት። አጎቴ ከቄጠማ በሚያስራት ታንኳ
ዓሣ ስናወጣ፣ ባዘነበለች ቁጥር
"ታንኳዋ ምን ሆነች?" ብሎ አያውቅም፤
"አንተ የት ቆመሃል?" ነበር የሚለኝ።

ሱሄል ለስግደትና ለምሳ ሄደ።
ሰሌዳው አሸዋው ላይ ቀረ፣ ሆዱ ለፀሐይ ተሰጥቶ።
ገለበጥኩት። ምሰሶው የሚተከልበት ቦይ አለ፤
ፋብሪካው በነጭ ነጥብ "እዚህ" ብሎ አትሞበታል።
ነጥቡን የቀባው ሰው ይህን ባሕር አያውቀውም፤
የዚህ ሞገድ አጭር ነው፣ የተቻኮለ ሰው ሳል ይመስላል፤
አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል።

ብሎኑን ፈታሁ። ስንዝር ቢሆን ይበዛል፤
ሁለት ጣት ወደ ኋላ ሳብኩት፤ አጠበቅኩ።
ሮዴል ባሕሩን በጣም ማየት ጀመረ፤
እንዳላየ የሚሆን ሰው አስተያየቱ ያስታውቃል።
ሰባ ሁለት ኪሎዬን፣ ጨው የበላው ሸሚዜን ይዤ ወጣሁ።

ምን ልበል?
እግሬ ሥር ያለው ነገር መጨቃጨቁን ተወ።
ቡዩ መጣ፤ ተጠመዘዝኩ፤ እርሱም ዞረ፣
ማጠፊያው ዘይት እንደጠጣ በር፣
ድምፅ ሳያሰማ።
ከቁጥቋጦው ማዶ ፍላሚንጎዎቹ አንገታቸውን እንኳ አላነሡም።
ሰዓቱ ካንገቴ ላይ ነበር።
ማንም አልተጫነውም።

ማታ ሱሄል አራት ጊዜ ሄዶ አራት ጊዜ ተመለሰ፤
አንዴም አልወደቀ።
"አላልኳችሁም? ማዕበሉ ነበር" አለ፣ ፀጉሩን እየጨመቀ።
አዟዟር፣ ስምንት፤ ብዬ ጻፍኩ።
ፈታሽ በሚለው ላይ ስሙን ፈረመ።

ሲሄድ ቅጹን ገለበጥኩት፤
ሁለት ጣቴን ባዶው ጀርባ ላይ አጋድሜ
ዙሪያቸውን በእርሳስ አሰመርኩ።
"ምንድነው ይሄ?" አለ ሮዴል።
"ልክ ነው" አልኩት።
ቱቦውን ከፈተ፤ ሸራውን ማጠብ ጀመርን፤
ጨው ካደረበት፣ ነገ እንደ ወረቀት ይሰበራል።